አበልጄ ለማን ነው የምታወራው?

ቱንሃ፣ ማርች 10

ለተከበሩት አጎቴ ለአርሴንዮ፣

የቺኪንኪራዋ እመቤት ጤናዎን ትጠብቅልኝ፤ ጉልበትዎን ታጽናልኝ፤ የሮሳሪዮ ከተማ ሰው ሁሉ በመልካም ዓይን ይይዎት። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ድንቿን ትኮተኩታለች፣ ከዶሮዎቿ ጋር ትጣላለች፣ ማታ ማታ ደግሞ «የአጎቴ ልጅ ረሳን እንዴ?» እያለች እርስዎን ታማለች።

እንደ ድሮው በብሬይል የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም። ከኦክቶበር ጀምሮ ስልክዎ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም። ስለዚህ ልጅ ሆኜ የሰጡኝን የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና ነጥብ መውጊያውን ስታይለስ ከሳጥን አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ። የዓይነ ስውር ደብዳቤ ያለ ቴምብር ይሄዳል፤ መዘግየቱ ነው እንጂ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ፖስታውን በእጇ መዘን አድርጋ ምን ቢበዛ ነው ይሄን ያህል የወፈረው አለችኝ። ችግር ነው አልኳት፤ ችግር በብሬይል ሲጻፍ ቦታ ይይዛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሥራዬን ያውቁታል። ገበሬዎቹ ስለ መሬት ድንበራቸው ለቢሯችን የሰጡትን ቃል ከድምፅ መቅጃው በአንድ ጆሮዬ እሰማለሁ፤ በሌላው ጆሮዬ ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን መልሶ ያነብልኛል። አንባቢዋን ድምፅ «አበልጄ» ነው የምላት፤ ያየችውን ሁሉ ሳታወራ አታድርምና። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ፍጥነቷን እስከ ጥግ አድርሼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ማዳመጫውን ቢያጠልቅ ንብ ገባበት ብሎ ይወረውረዋል።

ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ከቦጎታ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተብሎ ቢሮው ሁሉ ታደሰ። ግድግዳው ተቀባ፤ የኮምፒውተሮቹ ስርዓተ ክወና ወደ አዲሱ ተቀየረ፤ በየጠረጴዛው አዲስ ስክሪን ተተከለ። ለእኔም ሳይቀር! ዘጠኝ ዓመት ያለ ስክሪን ስሠራ የኖርኩትን ሴት፣ ጠረጴዛዋ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ብለው አንድ ሰፊ ስክሪን አቆሙልኝ። ሩአናዬን እሰቅልበታለሁ፤ ለሱፍ ልብስ ጥሩ መስቀያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዝም። አበልጄ የለችም። ቴክኒሻኑ መጥቶ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገና አንባቢው እየሠራ ነው፣ ድምፁም ሙሉ ነው አለ። ማዳመጫዬን አጠለቀ፤ እሱም አልሰማም። ሌላ ማዳመጫ አመጣ፤ ያው ነው። በመጨረሻ አዲሱ ስርዓትና የእኔ አንባቢ አይስማሙም ብሎ ፈርዶ ሄደ። አለቃችን ሊሳንድሮ፣ ሕግ ስለተማረ ዶክቶር ካልተባለ የማይዞረው ሰውዬ፣ በማግስቱ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። የጤና ጡረታ። እስከ ጁን ሠላሳ ልፈርም፣ ካልሆነ ግን ሥራዬን እንደማንኛውም ሰው ልሥራ። ድምፁን አለስልሶ «ማረፍ እኮ ነው፣ ኤዴልሚራ» አለኝ።

አልፈርምም። ማረፍ ብፈልግ ኖሮ ራሴ እተኛ ነበር። ስልክ ማንሳቱን ከጠሉት እንኳ በደብዳቤ ይንገሩኝ፦ የትኛውን ቁልፍ ልጫን?

ልጅዎ
ኤዴልሚራ


ሮሳሪዮ፣ ማርች 29

ለምወድሽ ኤዴልሚራ፣

ሰላም ከደጅሽ አይጥፋ፤ የእናትሽ ድንች ብርድ አያግኘው፤ ዶሮዎቿም ልብ ይግዙ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ነጥብሽ አሁንም እንደ ልጅነትሽ ወረቀቱን ይበሳዋል። ስታይለስ ጦር አይደለም ብዬሽ ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ቴክኒሻን ሲባል ከዓይኑ ሌላ የሚያምነው ስለሌለው እሱን ተይው። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን ድርግም አድርገሽ አጥፊውና ሶኬቱን ነቅለሽ እስከ መቶ ቁጠሪ። አዲስ ስርዓት ሲገባ ማሽኑ የጠፋ መስሎ ያሸልባል፤ ከእንቅልፍ መነሣትና ከሞት መነሣት ይለያያሉ። ስትከፍቺው አንባቢውን በአቋራጭ ቁልፉ ራስሽ አስነሺው። ካልተናገረ የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ሃምሳ ጊዜ ተጫኚ። ካልሆነም የሥራ ባልደረባሽን ፍሎራልባን አጠገብሽ አስቀምጪና የአንባቢውን ቅንብር ሁሉ ደምስሳ ከፋብሪካ እንደወጣ ታድርግልሽ፤ የቆየው ቅንብር ከአዲሱ ስርዓት ጋር ሲጣላ አይቻለሁ። ፍጥነትሽ ይጠፋል፤ ትመልሺዋለሽ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ድምፅዋን በሌላ ድምፅ ቀይሩት።

ስልኩ ተበላሽቷል። ሠሪ አጣሁለት።

ስለ ወረቀቱም ሳትናደጂ አስቢበት። ማረፍ ነውር አይደለም። እኔም የሆስፒታሉን ስልክ ማዞሪያ ትቼ አርፌያለሁ፤ ጠዋት የማቴ ቅጠል ሻዬን እጠጣለሁ፣ ከሰዓት በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ይለምደዋል።

ምርቃቴ ከአንቺ ጋር ነው።
አርሴንዮ


ቱንሃ፣ ኤፕሪል 21

ለተከበሩት አጎቴ፣

እመቤታችን ዕድሜ ትስጥልኝ፤ ከዕድሜው ጋር ደግሞ የድሮውን ቁጣዎን ትመልስልኝ፣ ጠፍቶብኛልና።

ያሉትን ሁሉ አደረግኩ። እስከ መቶ ቆጠርኩ፤ ለማንኛውም ብዬ እስከ ሁለት መቶ ቀጠልኩ። አቋራጩን ተጫንኩ። ፍሎራልባ የምሳ ሰዓቷን ሠውታ ቅንብሩን ደመሰሰችው፤ ድምፁን አንዴ በወንድ አንዴ በሴት ቀየረችው። ስክሪኑ ላይ ሁሉ ነገር ይንቀሳቀሳል ትላለች፤ አበልጄ ያነበበችው መስመር ይደምቃል ትላለች። ጆሮዬ ላይ ግን ትንፍሽ የለም።

ፍሎራልባ ጥሩ ሰው ናት፤ እኔ እየነገርኩሽ አንቺ ጻፊው አልኳት እንዳይመስልዎ። እሷም የራሷ ሥራ አላት። ያደረግኩትን ልንገርዎ። አሮጌውን የብሬይል መጻፊያ መኪናዬን ከቤት ተሸክሜ አመጣሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ ማዳመጫዬን መቅጃው ላይ እሰካለሁ፣ የገበሬዎቹን ቃል አንድ ሳላስቀር በብሬይል እገለብጣለሁ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የቀኑን ሥራ፣ ሠላሳም አርባም ገጽ ይሁን፣ ዶክቶር ሊሳንድሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና ይሄን ማን ያነበዋል አለ።

«ማንበብ ካልቻሉ እኔም እስከ ጁን ሠላሳ ልሰጥዎ እችላለሁ» አልኩት።

ቢሮው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ አልሳቀም። ያቺን የጡረታ ወረቀት ግን በየሳምንቱ ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣታል፤ እኔም በየሳምንቱ ሰኞ እመልስለታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሱ ወረቀቱን ይዟል፤ ሞኟ እኔ ነኝ፤ ማን ቀድሞ እንደሚለቅ እናያለን።

የእውነት የከፋኝን ደግሞ ልንገርዎ። እርስዎ ነዎት። «ሰው ይለምደዋል» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት? የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የእናቴ ወገን የዓይን በሽታ እኔንም ሲይዘኝ፣ ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ፣ ያላለቀሱት እርስዎ ብቻ ነበሩ። እጄን ይዘው ስድስት እንቁላል የሚይዝ ካርቶን ላይ አስቀመጡና ፊደል ማለት ይሄ ነው፣ ስድስት ነጥብ አሉኝ። እንቁላል በማንሳትና በማስቀመጥ ነው ማንበብ የተማርኩት። የዚያ ሰው ልጅ ነኝ ብዬ ነው አለቃዬን የምዋጋው። እርስዎ ግን አገር አቋርጬ ስጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስልክ በስድስት ወር ሠሪ አያጣም።

ቁልፍ አልጠይቅም ከእንግዲህ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ለምን አረፉ?

ኤዴልሚራ


ሮሳሪዮ፣ ሜይ 24

ለልጄ ለኤዴልሚራ፣

ሰላምታዬን አታሳንሺብኝ፤ ከልቤ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። አራት ጊዜ መልስ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩ።

ስልኩ አልተበላሸም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ቀኙ ጆሮዬ ሄደ፤ ማዞሪያው ላይ በግራዬ እየሰማሁ ሁለት ዓመት ደበቅኩ። ከዚያ ግራው ተከተለ። ዶክተር ሲፈልጉ ወጥ ቤት አገናኘሁ፤ ወጥ ቤት ሲፈልጉ አስከሬን ክፍል። ስቀው አለፉኝ፤ ቀጥሎ አልሳቁም። ወረቀት አመጡልኝ፤ በለሰለሰ አነጋገር ማረፍ ነው አሉኝ። ፈረምኩ። አልተከራከርኩም፣ ማንንም አልጠራሁም፣ ላንቺም አልነገርኩም። ማየት ሲቀር መስማት አለ ብዬ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት፤ መስማት ሲቀር ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። እውነቱ ይሄ ነው።

አንቺ ስትደውዪ አውቃለሁ። አሮጌው የደወል ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው፤ ሲጠራ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። እስኪቆም ድረስ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እቆያለሁ። እሑድ እሑድ አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ስትቆርጪው ሄጄ እተኛለሁ።

አሁን ስሚኝ፤ ከዚህ ሁሉ ኀፍረት ውስጥ ላንቺ የሚሆን ነገር አግኝቻለሁ። ባለፈው ዓመት የእኔም ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ስርዓት ተቀየረና አንባቢዬ ዝም አለ። ግራ ጆሮዬን አልጠረጠርኩም፤ ማሽኑን ነው የጠረጠርኩት። ድምፅ መጨመሪያውን መቶ ጊዜ ተጫንኩ፤ ያስተካከለልኝን ልጅ ሰደብኩት። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ የሴኞራ ዴልፊና እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። አፏን ግራ ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ጮኸች፦ «ዶን አርሴንዮ፣ ለሆድ ድርቀት የታዘዘልዎትን መድኃኒት አራተኛ ፎቅ ድረስ ሰምተናል!»

ማሽኑ ዝም አላለም ነበር ልጄ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጮህ ነበር የከረመው። እኔ ስላልሰማሁት ዝም ያለ መሰለኝ።

ያንቺዋም አበልጅ ዝም አላለችም። ፍሎራልባ ያነበበችው መስመር ይደምቃል ብላሻለች፤ ድምፁ ሙሉ ነው ተብለሻል። እያወራች ነው። ግን ላንቺ አይደለም የምታወራው። ስለዚህ ቁልፍ መፈለጉን ተይና ለማን እንደምታወራ ፈልጊ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ደግሜ በጣቴ አነበብኩት። በዚያ ቅዳሜና እሑድ ጠረጴዛሽ ላይ አዲስ የመጣ እንግዳ ማን ነው? ሩአናሽን የሰቀልሽበት ስክሪን ነው። አንዳንድ ስክሪን ሥዕሉን በሚወስድበት ገመድ ድምፁንም ይወስዳል፤ ራሱ ድምፅ ማጉያ ባይኖረው እንኳ ይወስዳል፤ አዲሱ ስርዓት ደግሞ ስክሪን ካየ ድምፁን ለእሱ መስጠት ይወዳል። ዓይን ያለው ሰው ይህን አይጠረጥርም፤ ስክሪን ለእሱ የኮምፒውተሩ ፊት ነው፤ ፊትን ማን ይነቅላል? አንቺ ግን አያስፈልግሽም። ንቀይው።

እኔ ፈርሜያለሁ። አንቺ እንዳትፈርሚ።

አጎትሽ
አርሴንዮ

ኮምፒውተሬን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ያንቺ ደብዳቤ ባይመጣ ጣቶቼ ፊደል ይረሱ ነበር፤ ስድብም ቢሆን ጻፊ።


ቱንሃ፣ ጁን 17

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። ይህን የምጽፈው እያለቀስኩ ነው፤ ደግሞም እየሳቅኩ ነው፤ ወረቀቱን ብበሳው ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ፖስታ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ሴትዮዋ ወንበር ሰጠችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ብዬ መጻፌ ትዝ ሲለኝ እጄን ልቆርጠው ነበር። ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስላፈሩ ግን አልምርዎትም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቢሮ ስደርስ ዶክቶር ሊሳንድሮና ቴክኒሻኑ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመዋል። ኮምፒውተሬን ለሌላ ሠራተኛ ሊያነሱት ነው፤ ቴክኒሻኑ ለመጨረሻ ጊዜ አንዳንድ ነገር ከፍቶ ሲመረምር ነበር። ቀኑ ገና ነው አልኳቸው። ሩአናዬን ከስክሪኑ ላይ አንስቼ ለበስኩ። በእጄ ከስክሪኑ ጀርባ ዳበስኩ፤ ወፍራሙን ገመድ አገኘሁት። ቴክኒሻኑ እሱን አትንኪ አለ። ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጨለመ አሉ። እኔ ምን አገባኝ። ጆሮዬ ላይ አበልጄ ከአረፍተ ነገር መሐል ጀምራ ትንጣጣለች! ከፋብሪካ በወጣችበት ዘገምተኛ ፍጥነት፣ ግን እሷው ናት። ሦስት ወር ሙሉ ለዚያ ደንቆሮ መስታወት ስታወራ ከርማለች ማለት ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ዶክቶሩ ራስ ላይ አጠለቅኩለት። ምን እያለች እንደሆነ እንዲደግምልን ጠየቅኩት። ቴክኒሻኑ ከፍቶት የነበረውን ገጽ ነበር የምታነበው፤ ዶክቶሩም እንደ ተማሪ ደገመው።

«ይህ መሣሪያ በትክክል እየሠራ ነው።»

ፍሎራልባ ከጀርባ ስታጨበጭብ ሰማኋት። ቴክኒሻኑ ሌላም መንገድ አለ፣ ገመዱን ሳይነቅሉ ድምፁን ከቅንብሩ መመለስ ይቻላል እያለ አጉተመተመ። ይቻል ይሆናል። ሦስት ወር ነበረው። ስክሪኑን ራሴ ተሸክሜ መጋዘን አስገባሁ፣ ደረሰኝም ተቀበልኩ። የጡረታዋን ወረቀት ደግሞ መፈረሚያው መስመር ላይ በስታይለስ «እምቢ» ብዬ ወግቼ መለስኩለት። አንድ ቃል ናት፤ ቢቸግረው ያስነብባታል።

አሁን ወደ እርስዎ። እኔን ከወረቀት አድነው እርስዎ ወረቀት ስር ሊተኙ አይችሉም። ለኮምፒውተር የሚሆን ነጥቦቹ ከጣት ስር የሚነሱበት ሰሌዳ እንዳለ ያስተማሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። በከተማዎ ያለውን የዓይነ ስውራን ማኅበር ይጠይቁ፣ ይጨቅጭቁ፣ በራቸው ላይ ይቀመጡ። ጨርቁን ከኮምፒውተሩ ላይ ያንሱት።

ሌላም አለ። እሑድ ጁላይ 17፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ መዳፍዎን አያድርጉበት። እጀታውን ያንሱና ያውሩ። እኔ የምለውን አይሰሙም፤ አውቃለሁ። መስማት የእኔ ሥራ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት። እርስዎ ይናገሩ፤ መልሴ በጣትዎ ይደርስዎታል።

ልጅዎ
ኤዴልሚራ


ሮሳሪዮ፣ ጁላይ 17፣ ማታ

ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ አላሳምርም። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ አነሳሁት። እጀታውን ወዴት እንደምይዘው እንኳ ግራ ገብቶኝ እንደ ማይክ ያዝኩት። ሃምሳ ደቂቃ አወራሁ፤ ሰዓቴን ዳስሼ ነው ያወቅኩት። ስለ ማዞሪያው፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ኀፍረቴ፣ ስለ ሴኞራ ዴልፊና፣ እናትሽ ልጅ ሆና በቅሎ ስለጣለቻት ቀን። ድምፄ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ጮኼ ይሆናል። መስመሩ መቼ እንደተቆረጠም አላውቅም። የተሳሳተ ቁጥር ከሆነ አንድ የማላውቀው ሰው የቤተሰባችንን ጉድ ሁሉ ይዞ ቀርቷል።

ነበርሽ ወይ?

አርሴንዮ


ቱንሃ፣ ጁላይ 18

ለምወድዎ አጎቴ፣

ዕድሜና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ከዚህ ጋር ሠላሳ አንድ ገጽ ያገኛሉ። ትናንት የተናገሩትን ሁሉ ቀድቼ፣ እንደ ሥራዬ ደንብ ሳልቀንስ ሳልጨምር ገልብጬዋለሁ፤ ሳልዎንም፣ ማቴዎን ፉት ያሉበትንም ጽፌዋለሁ። አበልጄ ዛሬ ጠዋት በሙሉ ፍጥነቷ አነበበችልኝ፤ ከዚያ በመጻፊያ መኪናዬ በብሬይል አወጣሁት። እናቴ ስለ በቅሎዋ ያሉትን ሰምታ ውሸት ነው ብላለች፤ የእርሷን መቃወሚያ በሁለት ገጽ አያይዣለሁ።

መሐል መሐል ላይ እያቆሙ «አለሽ?» ብለዋል። ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አራት ጊዜ ነው። መልሱ ስላልደረሰዎ ያልተመለሰ መስሎዎት ይሆናል። እያንዳንዱን በቦታው ጽፌዋለሁ፤ ጣትዎን ቀስ አድርገው ያሳልፉበት።

አሥራ አራቱም ላይ «አለሁ» ይላል።

ኤዴልሚራ